ገል

ደሴቷ ለጥ ያለች፣ ተራራ የሌላት፤
ከመናማ ወርደው፣ ዓሊ ላይ ሲደርሱ፣ መሬቷ ሆድ አላት።
ጉብ ጉብ፣ ጉብ ጉብ፣ እንደ ተደፋ እንስራ ረድፍ፣
አንዱ ከሱቅ ጀርባ፣ አንዱ ከመስጊድ ደጅ፣ አንዱ ከግንባችን ጫፍ።

"ከሥሩ ማን አለ?" ብዬ ጠየቅሁ። "ነገሥታት ናቸው፣
የዲልሙን ጌቶች፤ አራት ሺህ ዓመት የሆናቸው።"
ጀልባ ከዑማን መዳብ፣ ከሱመር ገብስ ሲያመላልስ፣
ጣፋጭ ውሃ ከጨው ባሕር ሥር ፈልቆ ሲፈስ፣
ቀረጥ የበሉ፣ ዶቃ ያጠለቁ፣
በኖራ ድንጋይ ጓዳ፣ ጉልበት አጥፈው የወደቁ።
ከራስጌያቸው ማሰሮ፤
ምን ይዞ እንደነበር ማን ያውቃል ዘንድሮ።

ሌባ ቀድሞ ገባ፤ ከሌባ በኋላ ፈረንጅ በአካፋ፣
ከፈረንጅ በኋላ መንገድ። መንገዱ ሲሰፋ
ስንቱ ጉብታ ተናደ፣ ስንቱ ቪላ ሆነ፤
የተረፈው በሽቦ ታጠረ፣ በሰሌዳ ተከደነ።

እኔ የማውቀው ሐጂ ማኪን ነው፤ የማጥበው፣ የማጎርሰው፣
እጁ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር ሸክላ ሠሪ የነበረው።
አያቱ ከንጉሡ ጎን፣ ከጉብታው ወገብ እቶን ፈልፍሎ፣
የዘንባባ ዝንጣፊ አንድዶ፣ ጢሱን ሰማይ ሰቅሎ፣
"ሙታንም ሙቀት ይወዳሉ" ይል ነበር አሉ።

ማታ ማታ፣ ወበቁ ሲበርድ፣ በተሽከርካሪ ወንበር
ወደ ወንድሙ ልጅ ሸክላ ቤት እገፋው ነበር።
መንኮራኩሩ ሲዞር፣ ጭቃው ሲነሳ፣
አፌ ዝም ይላል፤ ጣቴ ግን፣ ጣቴ አልረሳ።

ፓስፖርቴ ላይ የሌለ፣ ለደላላው ያልነገርኩት፣
ከሐርቡ እስከ መናማ በጥርሴ የያዝኩት፦
የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ።
እናቴ ገበያ ስትወጣ
ልጃቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ፣ "ዓይኗን!" የሚሉ በቁጣ፣
ማሰሮዋን የሚገዙ፣ እጇን የማይጨብጡ፣
በሠራችው ድስት በልተው ስሟን የሚያላምጡ።
"ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች" ለሌላው ተረት ነው፣
እኛ ቤት ግን እራት ነው።

አንድ ምሽት ሐጂ እጄን ያዘ። መዳፌን ገልብጦ
አውራ ጣቴን ዳበሰ፣ እንደ ዓይነ ስውር አድምጦ፦
"መዲና፣ ይቺ ጣት ጭቃ ታውቃለች" አለኝ በዓረብኛ፣
"ምን አስደበቀሽ? ሙያው ክብር እኮ ነው ለኛ።
የንጉሡን ወርቅ ሌባ ወሰደው፣
አጥንቱን አፈር በላው፤ ማሰሮውን ማን ደፈረው?"

ገላ ሄዶ ገል ቀርቷል።

መንኮራኩሩን አቆምኩት። እናቴ መንኮራኩር አታውቅም፤
ጭቃው ይቆማል፣ ዟሪዋ እሷ ናት፣ አይደክማትም።
ዞርኩት። አንዴ። ሁለቴ። ፀሐይ ከጉብታው ኋላ ስትጠልቅ፣
ጥላዬ ከንጉሡ ሆድ ላይ ሲነሳ፣ ሲወድቅ፣
አንገተ ጠማማ ማሰሮ ወጣ። ሐጂ ሳቀ ጥርስ በሌለው ድዱ፤
"የቀረውን እሳት ይጨርሰው።"

ሌሊት፣ ከጓሮ እቶኖቹ ሲነዱ፣
እናቴ ደወለች። "አገሩ ምን ይመስላል?" "ጉብ ጉብ ያለ ነው" አልኳት፣ "እንደ ያንቺ ጓሮ፤
ነገሥታት ተኝተውበታል፣ ከራስጌያቸው ማሰሮ።"