አምስት ኪሎ ተኩል

«ማቀዝቀዣው በለጠህ» አለኝ ባለቤቱ፣
የዓሣ ምግብ ቤቱ፣ ዓርብ በውድቅቱ፣
እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ሒሳቤን ሲሰፍር፤
«እሱስ ያንጎራጉራል፤ አንተ ግን አትሰማም ከሦስተኛው ወንበር።
ወይ ድምፅ ጨምርና ና፣
ወይ ቤትህ ግባና
ለሚስትህ ምታላት።»
ሚስት የለኝም አላልኩም። ጊታሬን ሸፈንኳት።

እውነቱን ነው ደሞ። ከሕመሜ ወዲህ
ጣቴ ክር አይመታም፣ ይዳብሳል እንዲህ፣
የተኛ ሕፃን ራስ እንደሚነካ ሰው።
ሹካው፣ የሚጠበሰው ዓሣ፣ ወደቡ ላይ መርከብ ሲያጓራ፣
ይህን ሁሉ አልፎ ማን ሊሰማው?

ማክሰኞ ወረድኩኝ ወደ ኦስቫልዶ ሱቅ፣
ገመድ ከወለሉ፣ ገመድ ከጣሪያው፣ ሲገቡ የሚያንቅ።
«ይኸው» አለ፣ «ስልሳ ዋት!»
ጥቁር፣ ሰፊ ደረት፣
እንደ ጉምሩክ ሹም የቆመ፤
አንዴ ክር ብነካ የሱቁ መስታወት ታመመ፤
ከመደርደሪያው ላይ አንዲት ሃርሞኒካ ወደቀች።
ጊታሬ ግን የት አለች?
የሰማሁት የሌላ ሰው ሴት ልጅ፣
ጥርሷን በወርቅ ያስለበጠች፣ ሳቋን የምታውጅ።
«ማጉያ ነው» አለኝ። እኔ ግን ስሰማው
ከሚያጎላው ይልቅ የሚያጎድለው በዝቷል፤ መልሰው፣ መልሰው።

ሁለተኛው ሠላሳ። ይኼ ደግሞ ያፏጫል፤
ፊት ለፊቱ ከቆምክ፣ የተፋውን ድምፅ ከጊታሩ ሆድ ለቅሞ ይውጣል፤
ዋት ያሉት ዋጥ ሆነ፣
ጭራውን እንደሚያሳድድ ውሻ በራሱ ዙሪያ ባዘነ።
«ራቅ በል፣ ዞር በል፣ እቺን ቁልፍ ተጫን፣ ይበርዳል ጩኸቱ»
አለ ኦስቫልዶ፣ ጎረቤቱ ሰዓት ጠጋኝ ግድግዳውን ሲመቱ።

ሦስተኛዋ ከጠረጴዛ ሥር፣ አቧራ ጠጥታ፣
ጥጓ የተጫረ፣ መያዣዋ ቆዳ፣ ካንድ ሟች ቤት መጥታ፤
አሥራ አምስት ዋት ብቻ፤ የዳቦ ሣጥን ታህላለች፣
በባትሪም ትሠራለች።
«ለመኝታ ቤት ናት፤ ላንተ አትሆንም» አለ።
ዝም ብዬ ሰካሁ።
ቀጭኗን ክር ነካሁ።
እንጨት እንጨት አለ።
ጥፍሬ ክሩን ሲጭር፣ ጣቴ ሲንሸራተት፣ ያፍንጫዬ አየር፣
ሁሉም እዚያው ነበር።

ግን ልቤን አልሰጠሁም፤ ጆሮ ይሸነገላል፤
ሱቅ ውስጥ ያማረ ድምፅ ደረጃ ላይ ይከብዳል።
ቫልፓራይሶ ሽቅብ ናት፤ የኔ ቤት ሁለት መቶ አርባ ደረጃ ራስ ላይ ነው፤
ሰው የሚጎትተው የሐዲድ ሣጥን ከቆመ ሦስት ዓመቱ ነው።
«ልሸከማቸው» አልኩት። «ምኑን?» «ሦስቱንም ተራ በተራ፤
መታወቂያዬ ይኸው፣ ኮቴም ካንተ ጋራ።»
ሳቀና ፈቀደ።

ስልሳው፣ ሠላሳኛዋ ደረጃ ላይ ጉልበቴን አስከዳኝ፤
ቁጭ አልኩበትና (ለመቀመጫ አይታማም) ትንፋሼ ሲመለስ መለስኩት፣ ይማረኝ።
ሠላሳው መቶ ሃያ ላይ፣ ድመቶቹ ዘንድ፣
ትከሻዬን አወረደው እንደ ሽባ ክንድ።
ትንሿ ከጊታሬ ጋር ወጣች። አምስት ኪሎ ተኩል፣
ከከረጢት ድንች ጥቂት የምትቀል።

ሁለት መቶኛዋ ላይ፣ ከኤርሚንያ መስኮት ሥር፣ አረፍኩ።
ዓይነ ስውር ናት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በደጇ አለፍኩ፣
«ደከመህ» ትለኛለች፣ ሌላ ቃል የለንም፤
ስጫወት ሰምታኝም አታውቅም።
ባትሪውን ከፈትኩ። ጥቂት ነካካሁ።
መስኮቱ ተገፋ። «ማነው?» አለች። ዝም አልኩ፤ ደገምኩ፤ ቀጠልኩ።
«ኢላሪዮ!» አለችኝ፣ «ሌላ ማን ይሆናል?
ደረጃ ሲወጣም እንዲሁ አራተኛዋ ላይ ያነክሳል።»

እስኪመሽ እዚያው ቆየን።

ዓርብ ወረድኩ። ግማሹን ከፍዬ፣ ግማሹን በዱቤ፣
የቢራ ሣጥን ላይ አኖርኳት፣ ድው ድው ሲል ልቤ።
ባትሪዋ ግን ኤርሚንያ ደጅ አልቋል፤
ሶኬት ፈለግሁ፤ አንድ ነው፤ እሱንም ማቀዝቀዣው ይዞታል።
ባለቤቱን አየሁት። አየኝ። እርሳሱን ነካካው።
ከዚያ ጎንበስ አለና ገመዱን ነቀለው፤
ያ ሁሉ ማንጎራጎር ድንገት ሲቆም፣ ቤቱ ለካ ሰፊ ነው።
«አንዲት ብቻ» አለኝ፣ «ቶሎ በል፤
ዓሣው ይበላሻል።»