አንድ ጉርሻ ባሩድ

ኦርፋ ዙክ፥ የፔንሲልቬንያ ሰው፥ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ጠመንጃ ይወለዳል በጓሮ ጎጆ ቤቷ፤
ከሜፕል ግንድ ሰደፍ፣ ከብረት ዘንግ አፈሙዝ፣
እጇ ቢንቀጠቀጥም ዓይኗ አይል ፍዝዝ።

እኔ ድንጋይ ፈላጭ ነኝ፥ ከካባው ጡረታ ወጣሁ አምና፣
ቅጠል መቅላት ሲጀምር ደጇን አንኳኳሁና፦
«አስተምሪኝ» አልኳት፣ «በአፉ የሚጎርሰውን»፤
አየችኝ ከላይ እስከ ታች፦ «እርሳ አስቀድመህ የለመድከውን።
አምስት ጥይት የያዘ ሰው አራቱ ለስንፍናው ነው፣
አንድ ብቻ ያለው ግን...» አልጨረሰችም፤ ተወችው።

ቀንድ ሰጠችኝ፥ የበሬ ቀንድ፥ ባሩድ የተሞላ፦
«ከቀንዱ ቀጥታ አታፍስ፤ የቀረ ፍም ቢያገኘው ትፈነዳለህ ኋላ።
በመስፈሪያዋ ስፈር፤ ቀንዱን ክደን፤ ከዚያ ጨምር፣
ጨርቁን በሞራ እሸው፤ አረሯን በላዩ አኑር፤
ጎስጉሳት፥ አትቀጥቅጣት፥ እስክትነካ ባሩዱን፣
ዘንጉ ላይ ያለው ጭረት ይነግርሃል ልኩን።
ጎኑ ላይ ላለችው ማንኪያ ቁንጥር ይበቃል፥ ደቃቁን፣
ብልጭታዋ በቀዳዳ ገብታ ትቀሰቅሳለች ትልቁን።»

የመጀመሪያው ቀን፥ ሳስበው እስካሁን ያሳፍረኛል፦
ስለ ካባው ዘመኔ ሳወራ፣ እጄ ለካ ዘሎታል፤
ጨርቅና አረር ጎስጉሻለሁ፤ ባሩድ የለም ከሥር።
ቀጭ አለ ባልጩቱ፤ ቀጭ። ወፍ እንኳን አልበረረ ከአጥር።
አልሳቀችም ኦርፋ። ሄዳ አመጣች ረዥም ብሎን፣
በዘንጉ ጫፍ አሰረች፤ አስጨበጠችኝ ዘንጉን፦
«ያጎረስከውን አውጣ።» አንድ ሰዓት ሙሉ ታገልኩ።
«የጎረሰ አፍ አያወራም» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ሳጎርስ ዝም አልኩ።

ሌላም ቀን ነበር፤ ብልጭ አለ ማንኪያዋ ላይ ያለው ዱቄት፣
ጭስ ወጣ፤ በርሜሉ ግን አልሰማም የእሳቱን መልእክት።
«ቁም!» አለች ዝቅ ላደርገው ስል፤ «ያዘው ወደ ዒላማው፣
እስከ ስልሳ ቁጠር፤ አንዳንድ እሳት ዘግይቶ ነው የሚሰማው።»
ቆጠርኩ። አርባ ሦስት ላይ አፍንጫዬን በላኝ፤
አላከክሁም። ስልሳ። ያን ዕለት «ደህና» አለችኝ።

ገና አለፈ። ሌላው ጠመንጃ ሁሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣
የባልጩት ወቅት ተከፈተ፤ ጥዱ በረዶ አዝሎ፣ ወንዙ ዝም ብሎ።
ማንኪያዋን በቆዳ ሸፍኜ፥ እርጥበት እንዳይደፍረው ባሩዱን፣
ከገደሉ ሥር ተቀመጥኩ፤ ብርዱ ቆጠረልኝ አጥንቴን።
ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፤ መጣች አንዲት አጋዘን፣
ጆሮዋ ወዲህ ወዲያ፣ በአፍንጫዋ እየመዘነች አየሩን።
አርባ እርምጃ። ሠላሳ አምስት። ቃታውን በቀስታ አነሣሁ፤
ሰማችው፤ ቆመች። እኔም ትንፋሼን ረሳሁ።

ምላጩን ሳብኩ። ብልጭ። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ፣
የዓይን ቅጽበት ናት ይላሉ፤ እኔ ግን ዕድሜ አየሁ በመንገዱ፤
ኦርፋ ያለችው ለዚያች ነው፦ «አትደንግጥ፤ እዚያው ሁን።»
ከዚያ ጭሱ። ጭሱ ብቻ። ዋጠው ጥዱን፣ እሷን፣ ቀኑን።
በድሮዬ ቢሆን አያለሁ፥ ወደቀች ወይ ሮጠች፤
እዚህ ግን ነጭ ግድግዳ። የሆነው ሆኗል፤ ዜናዋ ግን ዘገየች።
ቆምኩ፥ እንደ ተማሪ፥ ውጤቱን እንደሚጠብቅ ከበር፣
የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ደመና ፊቴ ላይ ሲዞር።

ሲገለጥ የለችም።

በረዶው ላይ አገኘሁ ጨርቄን፥ ጠርዙ ተቃጥሎ እየጨሰ፣
ከዚያ ኮቴ፤ ዝላይ፤ ዝላይ። ደም ግን አልፈሰሰ።
«ስቻለሁ» ብሎ መመለስ ይቻላል፤ እግሬ እሺ አላለኝም፤
ጀንበር እስክትጠልቅ ተከተልኩ፤ ጠብታም አላየሁም።
ከወንዙ ማዶ፥ ዳገቱ ላይ፥ ከሌሎች ሦስት ጋር ቆማ፣
ቅርፊት ትግጥ ነበር፥ ጭራዋ ነጭ ብሎ በጨለማ።

ማታ ኦርፋ ጓዳ ውኃ ፈላ፤ በርሜሉን አጠብኩት፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፥ ጥቁር ጥቁሩን አስተፋሁት።
እሷ ባልጩት ትስላለች፤ ቀና አላለችም፦ «ታዲያስ?»
«ሳትኩ።» «ደም?» «የለም።» «ተከተልክ?» «እስከ ወንዙ ድረስ።»
ራሷን ነቀነቀች። ዘይት የነካው ጨርቅ አቀበለችኝ፤
«ነገ ነፋስ አለ» አለች፤ ሌላ ምንም አልነገረችኝ።

የተቃጠለችው ቁራጭ ኪሴ ውስጥ አለች፤ ዛሬም ትሸታለች፤
ሚስቴ ዊልማ ኮቱን ባጠበች ቁጥር ታወጣና፥ መልሳ ትከታለች።