እርባታ

«አርባ!» ይሉ ነበር የኔታ፣ ጣታቸውን ወደ አንዳችን ቀስረው፣
አንዲት ግስ እንደ ጥሬ ከመሐላችን ወርውረው።
እኛም ከእንቅልፍ እየታገልን፣
«ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል፣ ይቅትል» እያልን፣
አንዱን መግደል አራት አድርገን እናድር ነበር።

ቅኔ ሳልዘርፍ ወጣሁ።
አሁን የኔትወርክ ማማ ዘበኛ ነኝ፣
ከፍኖተ ሰላም በላይ፣ ጄኔሬተር የሚያስተኛኝ፣
ዝም ሲል የሚቀሰቅሰኝ።

ወደ ላህ ሲወረድ የይታክቱ ችግኝ ጣቢያ አለ።
ያገሩን አቦካዶ በጥቁር ፌስታል ታበቅላለች፣
ስንዝር ሲያልፍ አንገቱን በምላጭ ትቀላለች፣
የሌላ ዛፍ ጣት ሰክታ በላስቲክ ትጠመጥማለች።
«ከፍሬው ብዘራው እናቱን አይመስልም» ትላለች፣
«እናቱን የሚመስል ቆርጬ የሰጠሁት ነው።»

አንሙት፣ ማማ ጠጋኙ፣ አንድ ቀን ከሰዓት
ቅጠል ከሚንሳፈፍበት ኩሬ ጠጠር ወረወረና
«እየው» አለኝ፣ «ቅጠሉ ባለበት ከፍ ዝቅ ይላል።
ውሃው የትም አልሄደ። ሞገድ ማለት
ነገሩ ሳይሄድ መናወጡ ሲሄድ ነው።»
እኔ የኔታን አስታወስሁ፤ እሱ ብሎን አጠበቀ።

ሚያዝያ ላይ ወሬ መጣ።
ከየት እንደተነሳ የማማው ቀይ መብራት እንኳ አላየም።
«ዲቃላ ፍሬ የበላች ሴት ማህፀኗ ይቆለፋል።»
በምሳ ሰዓት ደምበጫ፣ ሳይመሽ ቡሬ ደረሰ፣
ቋሪት ሲገባ ሁለት የሞቱ ሴቶች ጨምሮ ነበር።
ሰዉ ባለበት ነው። ቅጠሉ ባለበት።
መናወጡ ብቻ፣ በእኔ ጥበቃ፣ በእኔ ናፍጣ ሄደ።

ኋላም ገበያ ላይ አንዷ «እሷስ መቼ ወለደች?» አለች።
አምስት መቶ ችግኝ በየፌስታሉ ሥሩን በሥሩ ጠመጠመ፤
ገዢ የለም። ይታክቱ ውሃ ታጠጣለች።

አንድ ሌሊት ብቻዬን ግስ አወረድሁ፦
ረባ፣ ጠቀመ።
ረባ፣ በዛ።
እንግዲህ የኔታ ይፍረዱ፣
የማይረባ ወሬ ይህን ያህል እንዴት ተራባ?

መልስ የለም። የኔታ ስልክ አይዙም።

ሰኔ አሥራ አምስት ጠዋት ይታክቱ ዳገቱን እየሮጠች ወጣች፣
ነጠላዋ መሬት ለመሬት፣ «ተዘረፍሁ!» እያለች።
ዱላዬን አነሳሁ። ለካ የምትስቅ ኖሯል፣
ሳቋና ትንፋሿ ጉሮሮዋ ላይ ተጋጭተው።
«ማታ በጨረቃ ወሰዱት፣ ከነአፈሩ!
ቀን ሲያዩኝ መንገድ የሚቀይሩት ናቸው፣ ዱካቸውን አውቀዋለሁ።
አንደኛው ያነክሳል፤ የዚያችው ሴትዮ ባል ነው።»

ዱላዬን ከግድግዳው መልሼ አስደገፍሁ።
«ስንት ወሰዱ?» አልኋት።

ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች፣
«አርባ!»