ሠላሳ ስምንት ገጽ

ጋሽ ልሳነወርቅ ከዊኒፔግ ወደ ካልጋሪ፣ ወደ ልጁ ሊሄድ ሲል፣
የሕንፃውን ቁልፎች ፊቴ ዘረገፈና፣ «ስልክህን ክፈት፣ በል!»
ሰነድ ነው። ሠላሳ ስምንት ገጽ፣ በአንድ አውራ ጣት የጻፈው፣
አሥራ ዘጠኝ ክረምት ከቦይለሩ ጋር ሲጣላ ያተረፈው፦
የትኛው ቧንቧ ሲያንኳኳ አየር እንደ ዋጠ፣
የትኛው ሲያፏጭ እንፋሎት እንዳመለጠ፣
የሦስተኛው ፎቅ ቫልቭ በየት በኩል እንደሚዘጋ፣
(«ከታገልከው ግን እወቅ፣ አብረኸው ነው የምታነጋ።»)

ስልክ ላይ ማንበቡ አልሆነም።
እጄ ግሪስ ነው፤ መስታወቱ የግሪስ ጣት አይሰማም።
ቦይለሩ የሚሞተው ደግሞ ጥር ላይ ነው፣ በሌሊት፣
ኔትወርክ በማያውቀው ጉድጓድ፣ ባትሪም በሚከዳበት ሰዓት።
ወረቀት ይሁን አልኩ፤ ታጥፎ ኪስ የሚገባ፣
ቢወድቅ የማይሰበር፣ ግሪስ ሲነካው ሆዱ የማይባባ።

ሳርጀንት ጎዳና ዳር ያለው ቤተ መጻሕፍት ማተሚያ አለው፤
ማሪቴስ የምትባል የማኒላ ሴት ናት የምትጠብቀው።
«ስንት ገጽ?» «ሠላሳ ስምንት።» ከንፈሯን መጠጠች።
«በአራት አይካፈልም» አለች።
«አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ፊት ያወጣል፤
መጽሐፍ ይሁን ካልክ አርባ ነው፤ ሁለቱ ባዶውን ይመጣል።»
ከዚያ በጣቷ የገጾቹን ጉርብትና አሳየችኝ፦
አንድ ከአርባ ጎን ይተኛል፣ ሁለት ከሠላሳ ዘጠኝ፤
ደምሯቸው፣ ሁልጊዜ አርባ አንድ ናቸው።
መሀል ላይ ሃያና ሃያ አንድ ብቻ፣ እንደ ቁጥራቸው
ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ማንም ሳያለያያቸው።
የመጀመሪያው ገጽ፣ «ወንድሜ፣ አትፍራው» የሚለው፣
ጎረቤቱ ባዶ ነው።

የፊተኛው ኅትመት ከሰረ።
በአጭሩ ጠርዝ መዞር ሲገባው፣ በረጅሙ ዞረ፤
ፊቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጀርባው ተዘቅዝቆ፣
ቦይለሩ እግሩ ወደ ላይ፣ ውሃው ወደ ጣሪያ ጠልቆ።
ሦስት ዶላር ሄደ።
ማሪቴስ ሳቀች። እኔም፣ ትንሽ ቆይቼ።

እቤቴ አሥሩን ወረቀት አንድ ላይ አጠፍኩ፣
በማንኪያ ጀርባ ጫንኩ፣ ደግሜ ጫንኩ።
የውስጠኞቹ ጫፍ አፈትልኮ ወጣ፤
ከሁሉ የጠለቀው ነው ለካ፣ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ውጭ የሚመጣ።
በምላጭ ከረከምኩት።
ወስፌ የለኝ፤ በምስማር ሦስት ቦታ በሳሁት።
ክር የለኝ፤ ናና በሚሸት የጥርስ ክር ሰፋሁት፦
በመሀሉ ወጥቶ፣ በላዩ ገብቶ፣ በታቹ ወጥቶ፣
ተመልሶ በመሀሉ፣ ከራሱ ጫፍ ጋር ታስሮ ተኝቶ።
መቼም ጥራዝ ነጠቅ ሲሉኝ ነው የኖሩ፤
አሁን ጥራዝ ሰፊ ሆኛለሁ፣ ይመስክሩ።

አውቶቡስ ጣቢያ ወስጄ ሰጠሁት። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣
መጨረሻውን ገለጠና ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ፦
«እነዚህ ሁለቱስ?»
«በአራት አልካፈል ብሎ ነው።»
«እኔ'ኮ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር።»
አሸተተው። «ናና ናና ይላል» አለ፤
መለሰልኝ፤ ሻንጣውን አንጠለጠለ።

ጥር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ብርዱ የመስኮቱን ጠርዝ በነጭ ቀለም የጻፈበት።
ከግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር ይጠራል።
መጽሐፉን ከኪሴ አወጣሁ፤ ሽፋኑ ጠቁሯል።
ከአንድ እስከ ሠላሳ ስምንት ፈለግሁ፣ በባትሪ ብርሃን፤
ጋሽ ልሳነወርቅ አልሰማውም ኖሯል ይህን።
እርሳስ ከጆሮዬ ላይ አነሣሁ።
ገጽ ሠላሳ ዘጠኝ፦
«አራተኛ ፎቅ። ሁለቴ ያንኳኳል፤ ዝም ይላል፤
ሦስተኛውን ያስጠብቃል።
ምክንያቱን ገና አላወቅሁም።»