የበላውን የሚተፋ

ከደወሉ በላይ፣
ሶላንዥ ተንጠልጥላ በቡርጎኝ ሰማይ
ከድንጋይ ጭራቅ አፍ ጎጆ ታወጣለች፤
ጭራሮ፣ የቁራ ላባ፣ የዛገ ሽቦ፣ አንድ የሕፃን ካልሲ።
ከጆሮው ኋላ ግን ጽሑፍ ታነባለች፦

«ይህ ፊት የኦዶን ነው፣ የደብሩ ገንዘብ ያዥ፤
የሁለት በጋ ደሞዜን በላ።»
ሳቀች ሶላንዥ።
ጠራቢው ከሞተ ስንት መቶ ዓመቱ!
ኦዶን ግን እስከ ዛሬ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር፣
የበላውን ሁሉ ይተፋል ከነአንጀቱ
በገበያተኛው ባርኔጣ ላይ።

የጎኑ ጭራቅ ደግሞ አገጭ የለውም፣ ውርጭ በልቶታል፤
እንደ አዲስ ይጠረባል።
ታች፣ ከደጁ ቆሞ፣ የሥራ ተቋራጩ
ጃንጥላ ዘርግቶ በስልክ ያወራል።
«ሰኞ እከፍላለሁ» ካለ አራት ሰኞ አልፏል።
ሶላንዥ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ በመሮዋ ጫፍ
ልክ ትወስዳለች፤
አፍንጫው፣ ድርብ አገጩ።