መጠይቅ ቁጥር ዘጠና አንድ

«ክፍተቱ የታለ?» አሉኝ ዶክተር ተርፋሳ፤
ገጽ ዐሥራ አንድ ላይ ቀይ ብዕር ተነሣ።
«ሌላው ያልደፈነው፣ ሌላው ያልነገረው፣
እሱ ነው ጥናትሽ፤ የቀረው ወረቀት ነው።»

ቀን ብድር ሰብሳቢ፣ ማታ ተማሪ ነኝ፤
ቤኮ ግቢ ስደርስ እንቅልፍ የሚቀበለኝ።
ርዕሴ ትንፋሽ ይጨርሳል፦
«የብድር አመላለስን የሚወስኑ ጉዳዮች፤
በጅማ ከተማ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ድርጅቶች።»

ዕቅዴን በሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ፤
ኅዳርን ለንድፉ፣ ጥርን ለመጠይቅ ከፈልኩ፤
መጋቢት ትንተና፣ ግንቦት ጥረዛና
ሰኔ ላይ ምረቃ፤ ወረቀት ላይማ ሁሉ ቀና።
ሰኔ መጣ ከነዝናቡ፤ አዌቱ ሞልቶ ደፈረሰ፣
የኔ ጥር ግን ግድግዳው ላይ መቼ ተጨረሰ!

ነጅማ ያባዛችውን በፌስታል ጠቀለልኩ፣
ከቆጪ ሂርማታ በባጃጅ አደልኩ።
አንዱ «በጣም እስማማለሁ» ላይ ከላይ እስከ ታች ምልክት ጣለ፣
እንግዳን እንቢ ማለት ነውር ነው እያለ።
ሌላው የብድር ሰው መሆኔን አውቆ
«ሁሉ ደህና» ብሎ ሞላልኝ፣ መጋዙን ደብቆ።

ዘይኑ አባ ፊጣ ግን፣ በርጩማ ጠራቢው፣
በመዝገቤ ስማቸው ስድስት ወር የቀላው፣
መነጽር ጠርገው ወረቀቱን አዩ፣
ከአንድ እስከ አምስት ያለውን በጣት እየለዩ።
ያስቀመጡኝ በርጩማ ከአንድ ግንድ የወጣ፣
ክፍተት ብፈልግበት ለጥፍሬም ያልመጣ።
«ልጄ፣ ይቺ ሣጥን ጠባብ ናት፤ ነገሬ አይገባባትም፤
እኔ ሣጥን ስሠራ ዕቃውን ሳልለካ አልቆርጥም።»

ገለበጡት። ጀርባው ላይ፣ እንጨት በሚያሰምሩበት እርሳስ፦

«በጥቅምት ተበደርኩ። ዋንዛ ገዛሁ። እርጥብ ነበር።
እንጨት እስኪደርቅ ስምንት ወር ነው፤ ብድሩ በየወሩ ክፈል ይላል።
እርጥቡን ብጠርበው ይሰነጠቃል፣ ገዢ ይመልሰዋል።
ባስቀምጠው እናንተ ትመጣላችሁ።
አልከፍልም አላልኩም። እንጨቱ አልደረቀም።»

ሌሊቱን ሶፍትዌሩ ቁጥሬን ፈጭቶ አወጣ፤
ከዕድሜ፣ ከትምህርት ደረጃ ጉልህ ነገር ታጣ።
ዘጠና አንድን «ያልተሟላ» ብዬ ላስወግደው ነበር፤
ዘዴው ያዛል እኮ፣ ባዶ ሣጥን ይዞ ምን ቁም ነገር?
እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ።

ጀርባውን ለአማካሪዬ አሳየሁ።
ዝም አሉ። ሻያቸው በረደ።
«አንድ ሰው ነው» አሉ በመጨረሻ፤ «አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም፤
ሌሎቹን ያለ ሣጥን ጠይቂ፤ እኔ አልቸኩልም።»
ጥርን ከግድግዳ ነቅዬ ነሐሴ ላይ ለጠፍኩ፤
ሠላሳ አንድ በረንዳ ላይ ፍቅፋቂ መሃል ተቀመጥኩ፣
ገንዘቡን ትቼ ስለ እንጨቱ ጠየቅኩ።

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ፦
«እርጥበት ተለዋዋጭ ነው? ይሄ የንግድ ሥራ ነው ወይስ የደን?»
አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ጉልበቴ እየራደ።
ስለ ዋንዛ አስረዳሁ፤ ሰዓቱ ነጎደ።
በጥቃቅን እርማት አለፍሽ ተባልኩ።

ነጅማ ጠረዘችው፤ ጥቁር ገበር፣ ወርቃማ ፊደል።
ሰኞ ቢሮ ስገባ ደንቡ ያው ነበር፤
ወር ሠላሳ ቀን ነው፤ ጥናቴን ማን ያነብ፣ ማን ይመረምር።
በአንድ ቦርሳ ይዤ ወጣሁ፣ ጥራዙንም ደረሰኙንም።

ዘይኑ ተቀበሉኝ። አልከፈቱትም።
ጀርባውን በአውራ ጣት ጫን አደረጉ፣ አሸተቱ።
«ሙጫው እርጥብ ነው» አሉ።
«ተይው፤ ይደር።»