ጀርባዋን የሰጠች ቤት

ደላላ ነኝ እኔ፤ ቤት እሸጣለሁ፣
የሰው ቁልፍ በኪሴ ሳቃጭል እውላለሁ።
በፖርቱጋል ጠረፍ፣ ሳርዲን በሚሸታት፣
በጋ እንግዳ ሞልቶ ክረምት በሚረሳት
በዚች ትንሽ ወደብ፣
ፀሐይ የጠማው ሰው
ከሰሜን ሲደውል አንድ ነው ጥያቄው፦
«ባሕሩ ይታያል?»
ይታያል እላለሁ።
«ከአልጋ ላይ ሆነንስ?»
ከአልጋም፣ ከገንዳም፣
ሳህን እያጠቡም።

የዴኦሊንዳን ቤት ግን ምን ብዬ ላሻሽጥ?
ግድግዳዋ ድንጋይ፣ ክንድ ሙሉ የሚውጥ፤
አንዲት ጠባብ መስኮት፣ እሷም ወደ ዳገት፣
ፍየል ወደሚግጥበት፣ ወይራ ወዳለበት።
በባሕሩ በኩል ድፍን ናት፤ ዝም ያለች፣
እንደ ተቀየመች ሴት ጀርባዋን የሰጠች።

ጠየቅኋት፣ እንዳላወቀ፣
እኔው የአሳ አጥማጅ ልጅ፣ መረብ ስር ያደግሁት፦
«ምነው በዚህ በኩል መስኮት ሳይወጣለት?»

«ባሕር መሥሪያ ቤት ነው። ማነው መሥሪያ ቤቱን
ከአልጋው ላይ ተኝቶ ሲያይ የሚያድር ሌቱን?
ደግሞ ኤቫሪስቶን ውጦ አፉን ሳያብስ
መስኮት ከፍቼለት እኔን ደግሞ ላጉርስ?
ባሕሩ፣ ልጄ፣
ጨው ነው እንጂ ጨዋ አይደለም።»

ሩርድና ሊስቤት ከኔዘርላንድ ወጡ፣
ዝናብ እየሸሹ ዝናብ ይዘው መጡ።
ሩርድ ጥርስ ሐኪም ነው፣ ጡረታ የወጣ፤
ግድግዳውን በጣቱ መታ፣ መታ፣ መታ፣
ጆሮውን አስጠግቶ፣ እንደ ታመመ መንጋጋ፦
«ይሄን እንነቅላለን» አለኝ፣ ሳይጠይቅ ዋጋ።

ውል አዋዋዩ ዘንድ ሰፈረ በወረቀት፣
መቶ አርባ ስምንት ሺህ ዩሮ፤
ከታች በደቃቁ፦ «የባሕር እይታ ያላት»።
ዴኦሊንዳ መነጽሯን አወረደች፣
«ደግመህ አንብብልኝ» አለች።
ደገምኩላት።
«ይሄ እይታ ያልከው ከገንዘቡ ስንቱ ነው?»
«ግማሹ ይሆናል።»
ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ፣
አዋዋዩ ብዕሩን እስኪያስቀምጥ ድረስ ሳቀች።
«አርባ ዓመት ጀርባዬን የሰጠሁት ጠላት
ለካ ዕቁብ ሲጥልልኝ ኖሯል በሌሊት!»
ከዚያ ሳቋ ቆመ።
«እንግዲያ ግማሹ የኤቫሪስቶ ነው፤
ከእይታው ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነው።»
ፈረመች።

ግድግዳው ተነቀለ። ድንጋዩ በሦስት መኪና ሄደ፤
ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ተተከለ።
ባለቤቶቹ በዓመት ሦስት ሳምንት ይመጣሉ፣
በቀረው ጊዜ ወንበሮቹ ባሕር ያያሉ።
ዴኦሊንዳ ከልጇ ጋር ናት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፣ ቁልፏን ከእኔ ትዋሳለች፤
በሰዓት ስምንት ዩሮ የራሷን ቤት ታጸዳለች።

ባለፈው ቆጣሪ ላነብ ብገባ
ተንበርክካ አገኘኋት፤ ፊቷን ወደ ዳገቱ፣
ጀርባዋን ለመስታወቱ።
«መስታወቱስ?» አልኳት። ጨው ጋግሮበት ነበር።
ጨርቋን ጨመቀችና፣ ዞርም ሳትል፦
«ከውስጥ ወልውያለሁ።
ውጩን እሱ ይላሰው።»